ጥያቄ አሥራ አራት

ብራህማፑትራ ሲጎድል፣ አሸዋ ጥሎ በሄደበት፣
ከጀልባ ወረድኩ አንድ ጧት፣ ቅጽ ታቅፌ ሃያ ስምንት፤
ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ እርሳስ ከጆሮዬ ሰክቼ፣
የድህነትን ቁመት ልለካ፣ ከቢሮ ታዝዤ መጥቼ።

ወሩ ካርቲክ ነው። ሩዙ ለምልሟል፣ ፍሬ ግን ገና አልቋጠረም፤
የአምናው ከጎታ አልቋል፤ ለሚያጭድ እጅ ሥራ የለም።
ይህን ወቅት ‹ሞንጋ› ይሉታል፤
ስሙን ሲጠሩት እንኳ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ሞርጂና ቤጉም ትባላለች። በር ላይ ጠበቀችኝ ቆማ፣
በር ካልነው፤ የጆንያ መጋረጃ ነው፣ ካለፈ ነፋስ ሁሉ የሚስማማ።
«እዚህ ቤት ስንት ዓመት ኖሩ?»
«የቱ ቤት?» አለች። «ዘጠኝ ነበሩ።
ዘጠኙንም ወንዙ በላቸው። የተዳርኩበት ግቢ ዛሬ
መረብ ይጣልበታል፤ እዚያ ነው፣ ያቺ ጀልባ የቆመችበት፣ ባሻገሬ።»
«ሁለት ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኗ ጠባብ ናት፤
ዘጠኝ ቤት አይገባባት፣ ወንዝ አይገባባት።

«ትናንት ስንት ጊዜ በሉ?»
«ማን?» አለች። «ልጆቹ ሁለቴ በሉ።
አማቴ አንዴ። እኔ ስቀምስ ዋልኩ።»
መቅመስ ስንት ቁጥር ነው? መመሪያዬን ገለበጥኩ፤
አጣሁት። «አንድ» ብዬ፣ ቀና ሳልል ጻፍኩ።

ጥያቄ አሥራ አራት። ጣሪያው፦ ሣር ወይስ ቆርቆሮ?
ቀና አልኩ። ያብረቀርቃል፣ ፀሐይ ላዩ ላይ ሰፍሮ።
ቆርቆሮ ስድስት ነጥብ ነው። ስድስቱን ስደምር፣
በአንዲት ነጥብ አለፈች፤ ወጣች ከድሆች ቁጥር።

ፊቴን አነበበችው። ፊደል ባትቆጥር ፊት ማንበብ አይሳናትም።
«ላዬ ላይ ነው እንጂ» አለች፣ «ቆርቆሮው የኔ አይደለም።
ሣር ወንዝ ሲመጣ ይቀራል። ቆርቆሮ ይነቀላል፣ በጀልባ ይሸሻል፤
ሲርብ ለሞንታጅ ተይዞ፣ ሩዝ ያበድራል።
አሁን ስድስቱም ቅጠል የሱ ነው፤
የኔ ድርሻ ሲዘንብ ድምፁን መስማት ነው።»

«ታዲያ ሣር ብዬ ልጻፍ?» አልኳት። ድምፄ የሌባ ሆነ።
«ውሸት አትጻፍ» አለች፤ «ጻፈው፣ እንደሆነ።»
እንደሆነው የሚጻፍበት ሳጥን አልነበረም። ኅዳጉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
‹ጣሪያው በዕዳ ተይዟል› ብዬ ጫርኩ፤ ሰው ካየው፣ ዕድል።

ቢሮ ስመለስ፣ ኮምፒዩተሩ ኅዳግ አያነብም አሉኝ፤
ሻይ አዘዙልኝ፤ ስለ ቅጼ ንጽሕና አመሰገኑኝ።

በማግ ወር፣ ጉሙ ደሴቱን ሲውጥ፣ ሌላ ቅጽ ይዤ ተመለስኩ፤
ቆርቆሮው አምስት ሆኗል። «ስድስተኛውስ?» ብዬ ጠየቅኩ።
«ሞንታጅ ወሰደው። እሱን ተወውና ይህን እይ» ብላ ማሰሮ ከፈተች፤
ሩዝ ነው፣ እስከ ወገቡ። ተቀመጥ ሳትለኝ ቀጠለች፦
«አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ድስት ስንጥድ፣ አንድ ጭብጥ እናስቀራለን፤
ድስት ያልጣደችዋን አንጠይቅም። እናውቃለን።
ዓርብ ይሸጣል። በሽያጩ የአውቶቡስ ዋጋ፣
ለአንድ ባል፣ በዕጣ፤ ድንች ለቀማ፣ ሙንሺጋንጅ ነው ሲነጋ።
መጀመሪያ ለሼፋሊ ወጣ። ‹የኔው ያስለዋል፣ ያንቺ ይሂድ› አለችኝ፤
ከዚያ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»

ቅጼን አገላበጥኩ። ‹ጭብጥ› የሚል የለም።
‹ለጎረቤት የተተወ ዕጣ› የለም። ‹ኩርፊያ› የለም።
እኛ የጎደለውን ስንጠይቅ ዓመታት ከረምን፤
ከጎደለው ላይ ማን እንደሚያስቀር መች ጠየቅን?

«ቆይ፣ እኔም ልጠይቅህ» አለች፤ «ያንተ ጣሪያ ከምንድን ነው?»
«ሲሚንቶ።» «የማን?» «የኪራይ ነው።»
«ኪራዩስ ተከፍሏል?»
«የሁለት ወር... ይቀራል።»
ሣቀች። ልጆቿም ሣቁ፣ ነገሩ ሳይገባቸው።
«እንግዲያው» አለች፣ በጣቷ የፈሰሰውን ሩዝ ወደ ማሰሮው እየመለሰች፣
«አንተም ኅዳግ ላይ ነህ።»
እርሳሴን ፈለግሁ፤
ከጆሮዬ ወድቃ፣ አሸዋው ላይ ተተክላ ነበረች።