ጥያቄ አሥራ ሰባት

ጣርማበር ዋሻውን በአውቶቡስ አልፌ፣
ደብረ ሲና ወረድኩ መጠይቄን አቅፌ፤
ሦስት መቶ ቅጂ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
የወጣቱን ኑሮ ቆጥሬ ልጽፍበት።

ከገደሉ ሥር ጭጋግ እየተንፏቀቀ
የአስፋልቱ ግማሽ በነጭ ተደበቀ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሽመክት ይባላል፤
ቆሎ በላስቲክ ይዞ መስኮት ይከተላል።
«ሥራ አለህ?» አልኩት፣ ጥያቄ አሥራ ሰባት፣
«አዎ» ወይም «የለም»፣ ሳጥኗን ምረጥባት።

ሣቀ።
«ጭጋግ የዋለ ለት ‹የለም› ብለህ ጻፍልኝ፤
ባስ የቆመልኝ ለት ‹አዎ› አድርግልኝ።
ዛሬ ገና ጠዋት ነው፣ የትኛው እንደሆን አላውቅም፤
ያንተ ሳጥን ደሞ እስኪመሽ አይጠብቅም።»

እታፈራሁ ደግሞ፣ ደብተር በፌስታሏ፣
ከሰው እጅ ነጥቆ ማንበብ ነው አመሏ።
«ይሄን ማን ጻፈው?» አለች።
«ባለሙያዎች» አልኩ።
«እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»
ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

እውነቱን ልናገር፦ ያቺን አሥራ ሰባት
የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
ከአሮጌ መጠይቅ፣ ቃሏን ሳልነካባት፣
ምሳ እንዳያልፈኝ ብዬ፣ በጥድፊያ፣ ተርቤ።

ያን ቀን አንድም ቅጽ አልሞላሁም።
ከጎሚስታው ደጅ፣ ካረጀ ጎማ ላይ፣
ሰባት ሆነን ተቀመጥን፤
ሽመክት እስክሪብቶ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤
«ሥራ አለህ» የሚለውን ሲሰርዘው አየሁት።
በጠማማ ፊደል ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፦
«ትናንት ስንት አውቶቡስ ሳይቆምልህ አለፈ?»
እታፈራሁ ጨመረች፦ «ሳይሸጥ ሲቀር፣ ማታ፣
ቤት ምን ብለህ ገባህ?»
ጸጥ አልን ላንድ አፍታ።
«ይሄ በቁጥር አይገባም» ልል ነበር። ተውኩት።

ከጣርማበር በኩል ጡሩንባ ተሰማ፤
ሽመክት ብድግ አለ፣ ትቶን ከነጎማ፣
እስክሪብቶዬን ጆሮው ላይ እንደሰካ ሮጠ፤
«ቆሎ! ቆሎ!» እያለ ጭጋግ ውስጥ ሰመጠ።

«ዓምናም መጥተው ነበር፤ ጽፈው ሄዱ» አለች እታፈራሁ።
«እኔ ግን ሰኔ ላይ፣ ውጤቱን ይዤ፣ እመጣለሁ።»

አላመነችኝም፤ አልተከራከረችም።
ከፌስታሏ እርሳስ አወጣች፣
ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ሳጥን ሣለች፦
ጥያቄ አሥራ ስምንት።
«ትመለሳለህ?»
«አዎ» ወይም «የለም»።

«ምረጥ» ብላ አቀበለችኝ፣ ጥርስ የበላት እርሳስ።
ዛሬ ገና ጠዋት ነው ልላት ስል፣
አፈርኩ።