አራት ሮለሮች በቤሌም

ቤሌም ማለት ቤተልሔም ነው፤ በረት የለው፣ የለው ግርግም፤
"ከዝናቡ በፊት ወይስ በኋላ?" ይባላል እንጂ፣ ሰዓት የሚጠይቅ የለም።
ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይወርዳል፣
ማንጎው በቆሙ መኪኖች ጣሪያ ላይ ይፈርጣል፣
ግድግዳውን ያልበዋል፣
ጨው በዕቃው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

እኛ ከላይ ነበርን፤ ሰው ሳያየን የምናይ፣
መዳፍ በምታህል መስኮት ብርሃን የምንልክ ወደ ሸራው ላይ፤
ዋልዴሚር፣ ጆሮው በሞተር ድምፅ የደከመ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ክፍል የቆመ፤
እኔ ዡሲሌኒ፣ ትኬት መቁረጥ የሰለቸኝ፣
"ነይ፣ እጅሽን አያልበውም" ብሎ ደረጃውን ያወጣኝ።

ከፕሮጀክተሩ ራስ፣ ፊልሙ ከመግባቱ በፊት፣
አራት ሮለሮች አሉ፤ ሰማያዊ፣ ሲነኳቸው እንደ ሕፃን ድድ ዓይነት።
ሥራቸው መንካት ነው። ፊልሙ ሲያልፍ ይነኩታል፣
ፀጉሩን፣ ብናኙን፣ የሌላ ከተማ አቧራውን ይወስዱለታል፤
ከማናውስ የትንኝ ክንፍ፣ ከሳንታሬም ጥጥ ጥቂት፣
ከማን ዓይን እንደሆን እንጃ፣ አንድ የረገፈ ሽፋሽፍት።

ማታ ማታ አጥባቸዋለሁ፤
ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙና፣ በጣቴ እያሸሁ።
ከማራገቢያው ፊት ተሰቅለው ያድራሉ፣
ጠዋት ምንም እንዳልነኩ ይሆናሉ።
"እነዚህ አያረጁም" ይል ነበር ዋልዴሚር እየሳቀ፣
"እኔ ነኝ እንጂ ጥርሴ ያለቀ።"

በኅዳር ከሪዮ ቤተ መዛግብት የብድር ፊልም መጣ፤
ስድስት ጥቅልል፣ ሁለተኛ የሌለው፣ ቢጫር የማያልቅ ጣጣ።
ሦስተኛው ጥቅልል ላይ፣ ሴቲቱ ከጀልባዋ ዳር ቆማ፣
የማይመለስ ሰው ስትጠራ፣ ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ፣
ጉንጯ ላይ ጥላ ዐረፈ። ዘለለ። ደግሞ ዐረፈ፤
እንደ ቀለጠ ሰም፣ እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ፣ አንገቷን አቋርጦ አለፈ።
ከታች አንድ ሰው ለልጁ "አየሃት፣ አለቀሰች" ይለዋል፤
ትናንት በመብራት ስፈትሸው፣ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ እጄ ያውቃል።

ዋልዴሚር ተሳደበ። ሪዮን ረገመ፣ መዝገቡን፣
ያመጣውን አውሮፕላን፣ የሣጥኑን ክዳን፣ የጫኙን እጅ፣ ሁሉን፤
"ቆሻሻ ልከውልን!" እያለ፣ ወረቀት ዘረጋ፣ እስክሪብቶ ፈለገ።
እኔ ፊልሙ ሲያልቅ ሮለሩን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤
ጣቴን ሳነሣ፣ የጣቴን መስመር እዚያው ተቀምጦ አየሁት።

ሊጥ ሆኗል። ማር ሆኗል። ሽታው የኮመጠጠ፣
የስንት ዓመት ዝናብ፣ በትንፋሽ በትንፋሽ፣ ውስጡ የሰመጠ፤
ቀለሙ ያው ሰማያዊ፣ ቅርጹ ያው ክብ፣ ይሽከረከራል፣
የሚወስደው ግን የለም፤ ከራሱ ቆርሶ ይሰጣል።

"ዋልዴሚር፣ ሪዮ አይደለም" አልኩት። "ና፣ ንካው።"
እጁን ዘረጋ፣ ግን አልነካውም፤ እንደ ታመመ ሰው አየው።
"የገዛኋቸው ልጄ በተወለደ ዓመት ነው" አለ በመጨረሻ፣
"ከሳሙና ሌላ ጠይቀውኝ አያውቁም፣ የራሳቸውን ድርሻ።"
የጀመረውን ደብዳቤ ቀደደ። ሌላ ጻፈ፣ አጭር፦
"ጥፋቱ ከዚህ ነው። በእጃችን እናጸዳለን። ጊዜ ስጡን።" ፈረመ፣ ስሙን ሳያሳምር።

እኔ በከፋይ ጨርቅ፣ እሱ ጥቅልሉን እያዞረ፣
ሦስት ሌሊት ሠራን፣ ስንዝር በስንዝር እየቆጠረ፤
ጉንጯ ሲጠራ አንገቷ፣ አንገቷ ሲጠራ የጀልባዋ ዳር፤
ሦስት ቦታ እምቢ አለን። ዛሬም እዚያው ነው፣ ሳይሽር።

አዲስ ፈለግን። ፋብሪካው ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሌላ ነገር ይሠራል፤
የሳኦ ፓውሎው ሻጭ "ዛሬ ማን ፊልም ያሳያል?" ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

አሮጌዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ከተታቸው፤ መጣል አልቻለም።
በየካቲት ከፈትኩት፤ አራት የሚባል ነገር የለም፤
አንድ ሰማያዊ ኩሬ፣ አራት የብረት ዘንግ የቆመበት።
የአውራ ጣቴን ምልክት ፈለግሁት።
አጣሁት።
አንዲት የትንኝ ክንፍ ግን አለች፣ ሳትታጠብ የቀረች፣ ከዚያ ሌሊት።