መሀል ሰፋሪ

ላህቲ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣
የዮውኒ ሱቅ አለ፤ ጊታር እንደ ቋንጣ በሽቦ ተሰቅሎ።
ኅዳር ነበር። በረዶ።
«አራት ክር ነው አምስት?» አለኝ ቀና ሳይል።
«አምስተኛው ምን ያደርጋል?» ስለው፣ «ቤት ያንቀጠቅጣል።»
«እንጨቱስ?» «ይኼ ከባዱ ድምፁ ይሰነብታል፤
ያኛው ቀለል ይላል፣ ለትከሻሽ ያዝናል።»

የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ትከሻ መች ጎደለኝ፤ ከባዱን አነሣሁ፤
ካነሣሁ አይቀር ብዬ ቁመቴን የሚያክል ስፒከር ገዛሁ፤
ማጠንከሪያ ፔዳል፣ ማጥቆሪያ ፔዳል፣ ማድመቂያ ፔዳል፤
አንዱ ደግሞ አለ፣ ምን እንደሚሠራ ዮውኒም አያውቀው፣ ግን መብራቱ ያምራል።
በየወሩ ልከፍል፣ የአሥራ ስምንት ወር፣ ፈርሜ ወጣሁኝ፤
ጭነቴን ስጎትት ያየ መንገደኛ፣ ቤት የምለቅ መስሎት «ወዴት ነው?» አለኝ።

ቤቴ ስሞክረው፣ ወይ ጉድ!
የወፍራሙን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞርኩት፣ የቀጭኑንም ጨመርኩት፤
የመሀሉን ቁልፍ፣ ምን ይሠራል ብዬ፣ ዜሮ ላይ ተውኩት።
ነጎድጓድ!
ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን ወርዶ ተከሰከሰ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል ያልተነፈሰኝ ጎረቤቴ ፔንቲ፣
«እባክሽ» አለና፣ የዓመት ቃሉን ጨርሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰኔ ገባ። ፀሐይዋ መጥለቅ ረስታለች።
ሐይቁ ዳር፣ ከጥድ በተሠራው የዳንስ አዳራሽ፣ ሲርካ አኮርዲዮኗን ትዘረጋለች፤
ቬሊ ከበሮውን በብሩሽ ያሻሸዋል፤
ታንጎ ነው፤ ሀገሬው ሳይስቅ ሳያወራ ተቃቅፎ ይዞራል።
እኔም ነጎድጓዴን ይዤ ገባሁበት።
የለም።
ጣቴ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ድምፄ ግን የለበት።
ብጨምረው ጭቃ ነው፣ ብቀንሰው ባዶ፤
ያ ሳህን የሰበረው ምን በላው? ወዴት ሄዶ?
አንዱን ፔዳል ረገጥኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም ረገጥኩት፤
ዳንሰኛው እግሩን ሲያጣ፣ እኔ እግሬን አበዛሁት።

ካሌርቮ ጥግ ላይ ነው።
ሠላሳ ዓመት እዚሁ ቤዝ ሲመታ ኖሮ፣
አሁን አይሰማም፤ ከርሱ ቀድሞ ሞቷል የግራም የቀኝም ጆሮ።
በዕረፍት ሰዓት መጣ። ጫማውን አወለቀ፤
በካልሲው ወለሉ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።
«ምቺ» አለኝ። መታሁ።
ራሱን ነቀነቀ፦ «ወለሉ አልሰማሽም።»
ሌላ አልጨመረም፤ የሀገራችን ሰው ቃል አያባክንም።

ወደ አምፑ ጎንበስ አለ።
የወፍራሙን ቁልፍ ወደ ኋላ መለሰው፤
የቀጭኑንም ጫፉን ቀነሰው፤
ያቺን የናቅኳትን የመሀል ቁልፍ ግን፣ ቀስ አርጎ፣ ቀስ አርጎ፣ ወደ ላይ አወጣት፤
ከኪሱም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ መዘዘ፣ በጥርሱ ቆረጣት።
ከክሮቹ ሥር ሸጎጣት፣ ከሚታሰሩበት አጠገብ፤
ፔዳሎቼን በእግሩ ገፋቸው፣ ሰው ሳህኑን እንደሚገፋ ሲጠግብ።
ጣቴንም ያዘና፣ ከጫፉ አርቆ፣ ወደ አንገቱ ሳበኝ፤
«አዲስ ክር አዲስ ጫማ ነው፤ ይጮኻል። እስኪያረጅ ታገሺው» ብሎ ተወኝ።

ስንቱን «መሀል ሰፋሪ» ብዬ ሰድቤያለሁ፣ ከወዲህ ከወዲያ ያልዋለ፤
ለካስ መሀል ላይ የሚሰፍር ካልሰፈረ፣ ወዲህና ወዲያ የሚባል አገር የለ።

ዳግም ተጀመረ።
አንዷን መታሁና ዝምታዋን ጠበቅሁ፤ ሁለተኛዋን አከልኩ።
ከሥሬ ጣውላው «እህ» ብሎ መለሰልኝ፤ በእግሬ ሰማሁት፤ ደነገጥኩ።
ካሌርቮ ጥጉ ላይ፣ ጫማውን ታቅፎ፤
አውራ ጣቱ ብቻ ታንጎ ይጨፍራል፣ በካልሲው ቀዳዳ አልፎ።

ማንም አላጨበጨበልኝ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝ።
ሲያልቅ ግን አንዲት ሴትዮ፣ ላቧን እየጠረገች፣ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፦
«ወለሉን አደሳችሁት እንዴ?»
«አዎ» አልኳት።

የስፖንጇን ዋጋ ማንም አልጠየቀኝ፤ ለዮውኒ ግን ይቀረኛል፣ አሥራ አንድ ወር።
ፔዳሎቹ አርፈዋል፣ ከአልጋዬ ሥር።
መብራቱ የሚያምረው ብቻ ሶኬት ላይ ነው፤ ምን እንደሚሠራ አሁን ታውቋል፦
ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ለተነሣ ሰው መንገድ ያበራል።