የታኅሣሥ ውሃ

ጎሕ ሳይቀድ ደረስን፤ አንገረብ ጉም ለብሷል፣
ማንደፍሮ ሲቀዝፍ ውሃውን ያርሰዋል።
እኔ ገመድ ይዣለሁ፣ በየሜትሩ ቋጠሮ፣
ጫፉ ላይ ጠርሙስ አለ፣ ከሙቀት መለኪያ አብሮ፤
ሰባት ዓመት ሞላኝ በዚህ ሥራ ዘንድሮ።

በሚያዝያ ብትመጡ፣ እዚህ ሁለት ውሃ አለ፤
ላዩ ፀሐይ ጠጥቶ ለብ ብሎ የዋለ፣
ታቹ፣ ከስምንተኛው ቋጠሮ በኋላ፣
ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንፋሽ የሌለው፣ ሌላ።
በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ የተኳረፉ ወንድማማቾች
“እንደምን አደርክ” እንኳ አይባባሉም።
የነሐሴ ጎርፍ ሲመጣ፣ ጭቃው ስለሚከብደው
በሆዱ እየተሳበ ወደ ታች ይወርዳል፤
እዚያው ይተኛል፣ ከገለባው፣ ከእበቱ፣
ከአንድ እግር ጫማው ጋር።

ታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ስለት ነው፣ ይቆርጣል፤
ላይኛው ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣
ከሥር የከረመው ተነሥቶ ይወጣል።
ዛሬ በአንደኛው ቋጠሮ አሥራ ስድስት፣
በአሥረኛውም አሥራ ስድስት።
“ተገለበጠ” አለ ማንደፍሮ፣ እኔ ገና ሳላነበው፤
ለሱ መለኪያው አፍንጫው ነው።

ረፋድ ላይ ቢሮ ስልክ ይጮሃል፤ ከአራዳ አንዲት ሴት፦
“ምን ጨምራችሁበት ነው ውሃው የሚሸት?”
“ምንም አልጨመርንም፣ እመቤቴ፤ የነበረ ነው፣
ከርሞ ነው የወጣው።”
ትዘጋብኛለች።

ባሕር አላየሁም። ሩቅ የሄድኩት ጎርጎራ ነው።
ግን አንብቤያለሁ፦ በምድር ጫፍ፣ በረዶ ባሕሩን በሚያስረው፣
ብርዱ ሲበረታ ውሃው ጨው ጠግቦ ይከብዳል፣
ወደማይታይ ወለል ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፣
ከዚያ በጨለማ ይሄዳል፣ ይሄዳል።
የጎንደር ግንብ ድንጋዩ ሳይጠረብ የሰመጠ
ዛሬ ፀሐይ የሚያይ ይኖር ይሆናል።
የኛው ዓመት አይሞላውም፤
ግድብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ለከተማው እንኳ አይበቃም።

ማንደፍሮ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣
በእፍኙ ጨለፈ፣ አሸተተ፣ ዝም አለ፣ ደገመ።
“ይኼ” አለ፣ “የአባቴ የባቄላ ማሳ ነው።
እዚህ፣ ከታንኳችን ሥር።
እርጥቡ ሲታረስ እንዲህ ነበር ጠረኑ።”

ምን ልበለው?
መጽሐፉ ድኝ ይለዋል፣ የበሰበሰ ሣር።
አልነገርኩትም።

ቅጹን ዘረጋሁ፤ ቀን፣ ጥልቀት፣ ሙቀት ሞላሁ።
የመጨረሻው ረድፍ “ሽታ” ይላል፦ አለ፣ የለም።
እጄ በብርድ ደንዝዞ እርሳሱ አልታዘዘም፤
ቆይቼ
“አለ” የሚለውን ከበብኩት።