ትርፍ ጨርቅ

ቦራም፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ እጅሽን ዘርጊልኝ፤
አፌ ውስጥ ስፒል አለ፣ አደራ አታስቂኝ።
የእናትሽ ኮት ነበር፤ ትከሻው ሰፍቶሻል፤
እስከ ማክሰኞ ምሽት ልክሽ ይሆንልሻል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚሁ ፉለርተን፣
ከላውንደሪው ጓዳ፣ ከእንፋሎቱ ጎን፣
የስንቱን ሱሪ አሳጠርኩ፣ የስንቱን ወገብ አሰፋሁ፤
የምክር ቤቱን አባል ቁመት በቃሌ አውቃለሁ፤
ግራ እግሩ ከቀኙ በጣት ታንሳለች፣
ይህቺን ምስጢር ከኔ ሌላ መርፌዬ ታውቃለች።
እሱ ግን ስሜን አያውቅም። አልነገርኩትም።
ደረሰኝ ሰጥቼ፣ መልስ ሰጥቼ፣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

“ዝም አይነቅዝም” አለችኝ እናቴ ስትሸኘኝ፣
ኪምፖ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሻርቧ ጠቅልላኝ።
እኔም ዝምታዬን እንደ እህል ጎተራ ከተትኩት፣
ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ አልነካሁት።
ክፉው ቀን መጣና ክዳኑን ብከፍት፣
ዱቄት ብቻ፤ ብናኝ።
ነቅዞ ኖሯል።
እናቴ ይህን አልነገረችኝ።

ሎስ አንጀለስ ነበርኩ ያኔ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፤
የሱቄን በር በቴሌቪዥን አየሁት ሲነድ፣ ሲከስል።
ስልኩን አነሳሁ። ጠራ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።
ማን ይምጣ? ማን ያውቀናል? ማንን በስም ልጥራ?
ጥፋቱ የኛ ነው አልልም፤ እሳቱን እኛ አልጫርንም፤
ግን ያን ሌሊት የምንደውልለት አንድ ወንበር አልነበረንም።
ቁልፉ ዛሬም አለ፤ ይኸው፣ ከመቀሴ ጋር፤
የሚከፍተው በር የለም።

አንቺ ሌላ ነሽ። ከአረጋውያኑ ሕንፃ ፊት ለፊት
አሥራ አራት ሰከንድ ይበራል የእግረኛው መብራት፤
አቶ ናም በምርኩዝ ሃያ ሁለት ይፈጅባቸዋል፤
የጎደለችውን ስምንት ሰከንድ ማን ያበድራቸዋል?
እኛማ እናውቅ ነበር፤ “ቀስ ይበሉ” ስንል፣ ስንሳቀቅ፤
አንቺ ግን ቆመሽ ለካሽው፣ ሦስት ቀን፣ ጀንበር እስክትጠልቅ።

ባለፈው ወር ስትናገሪ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፣
እንዳታዪኝ ብዬ በጋዜጣ ተከለልኩ።
ጸሐፊዋ ስምሽን ሰባብራ ጠራችው፤
አረምሻት። ደግመሽ አረምሻት። በሦስተኛው አቃናችው።
ሦስት ደቂቃ ሰጡሽ። ጉልበትሽ ሲርድ አየሁ፣
የቀሚስሽ ጠርዝ አሳበቀ፤ እኔ የሰፋሁት ነው፣ አውቀዋለሁ።
ድምፅሽ ግን ቀጥ አለ፣ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ።
ከዚያ ቀይ በራብሽ፤ ዓረፍተ ነገርሽ ሳያልቅ
መሐል አስፋልት ቀረ፣ ልክ እንደ አቶ ናም።
“እናጠናዋለን” አሉ። አንዱ ያዛጋ ነበር። ሌላው ቀና እንኳ አላለም።

መኪና ውስጥ አለቀስሽ። “አክስቴ፣ ምን ዋጋ አለው?”
ልጄ፣ የትኛው ልብስ ነው በአንድ ልኬት የሚያልቀው?
በነጭ ክር ይያዛል፤ ይለካል፤ ይተረተራል፤
ደግሞ ይሰፋል፤ እንደገና ይተረተራል።

ዱሆ “ፖለቲካ ቆሻሻ ነው” ይላል አሉ። ይበል።
የላውንደሪ ቤት ልጅ ቆሻሻ ፈርቶ ያውቃል?
አባቱ እድፍ ሲመጣለት ሱቁን ዘግቶ አልሸሸም፤
ብርሃን ላይ ዘርግቶ፦ ወይን ነው? ዘይት ነው? ደም?
በስሙ ለይቶ ጠርቶት፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት።
ያ ልጅ ኮሌጅ የገባው በሰው ሸሚዝ እድፍ ነው፤ ንገሪልኝ፣ አትርሺበት።

እኔም ትናንት ተመዘገብኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ።
ዜጋ ከሆንኩ ሃያ ዓመት፤ ወረቀቱ ግን ከነፖስታው፣ መሳቢያ ውስጥ፣ እቤቴ።
ፊርማዬ ትንሽ ጠመመ፤ እጄ እስክሪብቶ አልለመደም፤
ቢሆንም ተርትሬ አልሰፋሁትም።
ዱሆንም ይዘሽው ነይ። ያቺንም የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ መቺ፣
ያንንም ሌሊት ሱቅ የሚጠብቀውን ቀጭን ልጅ ጎትቺ።
ያለፈው ምርጫ ያለቀው በሃያ ስድስት ድምፅ ነው። ሃያ ስድስት!
እሑድ ምሳ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሰው
ኪምቺ እየበላ ያማርራል።

በይ ዙሪ። ኪሱ የውሸት ነበር፣ በስፌት የተዘጋ፤
ከፈትኩልሽ፤ ወረቀትሽን ክተቺበት።
ከብብቱ ስር ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አለ፤ አልቆረጥኩትም፤
ገና ትሰፊያለሽ፤ ይህ ኮት በዚህ ልክ አይቀርም።
ማክሰኞ ከፊት ወንበር ነኝ። ጋዜጣ አልይዝም።

ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ፤
ክሩን ልበጥሰው።