ክፍት ምንጭ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ብርዱ በበሩ ሥር ሲገባ፣
ማንያዘዋል ስልኬን ፈታ።
«ይሄ ክፍት ምንጭ ነው» አለኝ፣ «ጎንበስ ብሎ ላየው፣
አልቅቱን ሳይጠጣ ዓይኑ ነው የሚለየው።
ያኛው ግን በርሜል ነው፣ ክዳኑ የታሸገ፣
ጉሮሮሽ ይነግርሻል ማን ምን እንዳደረገ።»

አዋላጅ ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣሁ፣
የስንት ቤት ገመና በኪሴ የያዝሁ።
እናቷ ያልሰማችውን ለኔ የጻፈች ልጅ አለች፣
ስልኬ ውስጥ እስከዛሬ ነፍሰ ጡር እንደሆነች።

አዲሱን ጭኖ፣ ቆልፎ ሰጠኝ።
የባንኩ መተግበሪያ «አላውቅሽም» አለኝ፤
ይሁን፣ ወረፋ ለመድሁ።

በታኅሣሥ ሌሊት፣ ጉሙ መንዝን ሲውጠው፣
ሸዋዬን በቃሬዛ አመጧት።
«ስምንት ጊዜ ደወልን!» አለ ባሏ፣ ላብ እያሰመጠው።
ስልኬ ከራስጌዬ ነበር፣ ጸጥ ብሎ።
ማንንም አላስገባም፤
ሌባንም፣
ምጥንም።

ልጁ ደህና ነው።
አሁን ወገቤ ላይ ባለ ቁልፍ ስልክ አለ፣
ምንም የማያውቅ፣ በአንድ ጥሪ የሚነቃ፤
ገመናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክፍቱ ጋር ተቆልፏል።
ምንጩን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጎንበስ ብዬ አላየሁም፤
ማንያዘዋል አይቷል ብዬ።
እሱም፣ ሌላ ሰው አይቷል ብሎ።