የ«ለ» ነገር

ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከነዳጅ ጋኖቹ ኋላ፣
ባለጎማ ወንበር እገፋለሁ በሲትራ አጥር ጥላ።
ኡም ጃሲም ጭኗ ላይ ጠርሙስ፣ የጽጌረዳ ውሃ፤
ለባሏ የምትወስድለት የየሳምንቱ አምሃ።

ስንደርስ ድንጋዩን አጥባለሁ፤ አቧራው በጣቴ ይወርዳል።
እሷ ፋቲሓ ትቀራለች፤ ከዚያ ወሬዋ ይቀጥላል፦
«አቡ ጃሲም፣ ልጅህ መኪናውን ሊሸጥ ነው፣ አንተ ምከረው፤
የጓዳው ማቀዝቀዣ ያንጠባጥባል፣ ማን ይጠግነው?
ለጉልበቴም ለምንልኝ፤ አንተ ቅርብ ነህ፣ ይሰማሃል።»
አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። መልስ የመጣላት ይመስላል።

እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ጀሪካኔ ባዶ ነው።
የደብሪቱ ድንጋይ ወገል ጤና ነው፤ ማን ይሆን የሚያጥበው?

«እህትሽ አረፈች» ያሉኝ ቀን ሩዝ እየለቀምኩ ነበር።
ዓሣው እስኪበስል አላለቀስኩም፤ የሰው ቤት አይደፈር።
ማታ ግን፣ ከማጠቢያ ማሽኑ ጎን፣ ፍራሼ ላይ፣
ስሟን ጠራሁ። መጥራት ብቻ። ይኼ ጸሎት ነው ወይ?
ከዚያ ወዲያ ለመደብኝ፦ «ደብሬ፣ ወገቤን አመመኝ፤
ደብሬ፣ ደሞዜ ዘገየ፤ አንድ ቃል ተናገሪልኝ።»

አርብ፣ በእረፍታችን፣ ነገሬን ለጓደኞቼ አወጣሁት።
ጸጋነሽ፣ የዱራሜዋ፣ ሻይዋን አስቀመጠች፦
«ባዶ ቤት በር አትምቺ፣ እህቴ፤ ባለቤቷ ሄዳለች።
ጌታ በሩን ከፍቶ ሳለ በመስኮት ምን ያስጮህሻል?»
ሰዓዳ፣ የወረባቦዋ፦ «ዱዓ አድርጊላት፣ ይደርሳታል፤
ሰደቃም ስጪላት። እሷን ግን አትለምኚያት፤
ለማኝ ለማኝን ቢለምነው ምን አለውና ይሰጠዋል?»
ይህን ብላ ዝም አለች። ቆይታ ደግሞ ሳቅ አለች፦
«እናቴ ግን በሼኹ ቀብር ዛፍ ላይ ጨርቅ ታስር ነበር።
ፈርቼ አላውቅም ያኔ። እዚህ መጥቼ ነው የተማርኩት መፍራት።»

የነፍስ አባቴ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል፦
«ልጄ፣ ፍትሐቱ ደርሷል፤ አርባዋም በወጉ ወጥቷል።
ቅዱሳንን ለምኚ፣ ያማልዱሻል። እህትሽ ግን እንደኛው ናት፤
ያንቺን ጸሎት ትሻለች እንጂ አንቺ ከእሷ አትሺ።
ስለዚህ ስትጸልዪ፣ ልብ በዪ፣ ለ...»
ሂሳቤ አለቀ።
«ለ» ብሎ ቀረ።

ያቺን «ለ» ይዤ አደርኩ። ወደ ጎን ሳገላብጣት፣
ወደ ላይ ሳነሣት፣ ነጋ።
«ለእግዜር ጸለይኩ» ስል፣ ወደ እሱ ነው የሄድኩት፤
«ለደብሪቱ ጸለይኩ» ስል፣ ስለ እሷ ነው ይሉኛል፤
ያችው ፊደል ናት፤ ማን ነው አጥር ያጠረባት?
የኔታ እንጨት ይዘው ሲያሳዩን ልብ አላልኩም ነበር፣
«ለ» ሁለት እግር አላት፦
አንዱ ወዲህ የቆመ፣ አንዱ ወዲያ የቆመ፣
አናቷ ላይ ብቻ የሚገናኝ።

የሁሉም ቃል ልክ ይመስለኛል፣ ሲናገሩ።
ማታ ሲሆን ግን አፌ ከልቤ ይቀድማል፤
«ደብሬ» ይላል፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ።

ባለፈው ሐሙስ ኡም ጃሲም ቀና ብላ አየችኝ።
«አንቺስ ማን አለሽ ከአፈር በታች?» አለችኝ።
ነገርኳት። በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ባጭሩ።
ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለች፦
«አቡ ጃሲም፣ ድብሪቶ የምትባል ልጅ አለች፣
ሐበሻ ናት፣ ለቦታው እንግዳ።
ፈልገህ ሰላም በላት። እህትሽ ሩዝ አትበላም፣
ከስታለች በላት።»

ሰዓዳ ብትሰማ ምን ትል? ጸጋነሽስ? አባስ?
ደብሪቱ ዐረብኛ አትችልም ልላት ነበር፤ ተውኩት።
አሮጊቷ ጠርሙሱን ዘረጋችልኝ፣
ከሥሩ ሁለት ጣት የቀረችውን።
የት እንደማፈሳት አላወቅሁም።

አሜን ልበል፣ አልበል ሳልቆርጥ ጀሪካኑን ከደንኩ።
ጎማው ጠጠር ውስጥ ገብቶ ነበር።
ገፋሁ።